የተገለበጠው ክዳን

ድሮ ኮልፌ ውስጥ መኪና ዳገት አልወጣ ሲል የመጀመሪያው መድኃኒት ምንም አያስከፍልም ነበር። ኮፈኑ ይከፈታል። ካርቡራተሩ አናት ላይ ጉብ ያለው ክብ የፊልትሮ ቤት መሀሉ ላይ ባለ ክንፍ ዳዶ አለችው፤ እሷ በጣት ትፈታለች፣ ክዳኑ ይነሳል፣ ተገልብጦ ይመለሳል። በክዳኑና በቤቱ መካከል ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል፤ እስካሁን በጠባቧ አፍንጫ ሲስብ የኖረው ሞተር ከዚያ ወዲያ በዙሪያው ሁሉ ይምጋል። ሾፌሩ ቤንዚን ሲረግጥ ድምፁ ይጎረንናል። መኪናዋም ይሻላታል፤ ይሄን በዓይኔ ስላየሁት የሚክደኝ የለም።

ዛሬ ልጆች ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ገዝተው ይዘውልኝ የሚመጡት ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ የዚያ የተገለበጠ ክዳን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ከገባላት ጉልበት ትጨምራለች አይደል?» ይሉኛል። እምነቱ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ አልስቅባቸውም። ለአባቶቻቸው መኪና እውነት ነበር። ለእነሱ ቪትዝ ግን አይሠራም፤ እኔም የማወጋው በመሀሉ ምን እንደተለወጠ ነው።

ነገሩ ከከፍታችን ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ቢሆን ነው። የሞተር ጉልበት ደግሞ በሚስበው አየር ልክ ነው። 1,300 ሲሲ የሚባለው የኮሮላ ዲኤክስ ሞተር እኛ ሰፈር ሲደርስ፣ ወደብ ላይ 1,000 ሲሲ የማይሞላ ሞተር የሚስበውን አየር ነው የሚስበው። ቱርቦ ከሌለው ከዚህ ዕዳ የሚያወጣው የለም።

የባሰው ግን ካርቡራተሩ ነበር። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቤንዚኑን የሚለካው ፋብሪካ በቀደደለት ቀዳዳ ነው፤ ያ ቀዳዳ ደግሞ የተለካው ለቶሪኖ ወይም ለጃፓን ሜዳ እንጂ ለኮልፌው 18 ማዞሪያ አይደለም። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ እየጠጣች ትሰንፋለች። በዚህ ላይ ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ስበት ይበረታና ከዚያችው ቀዳዳ ጭራሽ ብዙ ቤንዚን ይጎትታል። ክዳኑ ሲገለበጥ ስበቱ ይላላል፤ ቤንዚኑ ቀነስ ይላል፤ የወፈረው ድብልቅ ወደ ልኩ ይጠጋል። መኪናዋን ያነቃት በአብዛኛው የቤንዚኑ መቀነስ ነበር። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አድርጎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። ድምፁ ሲጎላና ጉልበቱ ሲመለስ አንድ ላይ ሰማን፤ አንዱ የሌላው ልጅ ነው ብለን አመንን።

ከክዳኑ በፊት የነበረው ዘመን ስለ ጉልበት አያወራም፤ የሚያወራው ስለ አቧራ ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ መኪና ሲያመጣ፣ የዚያን ጊዜ መኪኖች የአየር ማጣሪያ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ያገኙትን ሁሉ ይስባሉ። ማጣሪያን ግድ ያደረገው የእርሻ ማሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ፍራንክ ዶናልድሰን የሚባል ትራክተር ሻጭ፣ የሸጣቸው ሞተሮች አቧራ እየበላቸው ሲያልቁ አይቶ ማጣሪያ ሠራላቸው። በስሙ የቆመው ኩባንያ እስከ ዛሬ የከባድ መኪና ፊልትሮ ያመርታል።

እኛ ጋ የጋራዥ ሙያ በደንብ የገባው ከጣሊያን ጋር ነው። በወረራው ዘመን ፊያት 634፣ እኛ ትሬንታ ኳትሮ የምንለው፣ ጦሩንና ስንቁን ይዞ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ወረራው ሲያከትም ብዙ ጣሊያን መካኒኮች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ እያልን የምንሠራው ከእነሱና እነሱ ካስተማሯቸው ሰዎች ወርሰን ነው። መርካቶንም መርካቶ ያሰኘው ያው ዘመን ነው። ኮልፌ ከዚያ ገበያ በስተምዕራብ፣ በሁለት መንገዶች መሀል ተቀምጧል። አንዱ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና፣ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ ይወርዳል፤ ሌላው ከዊንጌት በአስኮና በቡራዩ ወደ አምቦና ነቀምቴ ይሄዳል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዶቹ ቢጠበቁም የጠጠሩና የአፈሩ መንገድ ከአስፋልቱ ይበልጥ ነበር፤ የጅማ ቡናና የወለጋ እህል ጭኖ የመጣ መኪና ከጭነቱ ጋር የመንገዱንም አፈር ይዞ ይመጣል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ካለው የፖሊስ ሠራዊት ካምፕ ውትድርና ሲማሩ ሰፈሩ ገና ዳር አገር ነበር፤ በረጅሙ የእግር ጉዞ ልምምድ ከዚህ አፈር ሳይቀምሱ አልቀሩም።

እኔ ሙያውን የለመድኩት በደርግ ጊዜ 18 ማዞሪያ አካባቢ ከነበረ ጋራዥ ነው። ጋራዡ የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። አዲስ ገቢ ልጅ የሚጀምረው ከላንድሮቨርና ከቮልስ ፊልትሮ ነው። የእነዚህ መኪኖች ፊልትሮ ወረቀት አልነበረውም፤ ዘይት ነበረው። አየሩ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ፊት ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከበድ ያለው አቧራ መታጠፍ ስለማይችል ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያመለጠውን ደግሞ ከላይ ያለው በዘይት የራሰ የሽቦ ጥልፍልፍ ይይዘዋል። የልጁ ሥራ ዘይቱን መድፋት፣ ጥልፍልፉን በናፍጣ ማጠብ፣ ጎድጓዳውን እስከ ምልክቱ ድረስ በአዲስ ዘይት መሙላት ነው። ከምልክቱ አለፍ ካልክ ሞተሩ ዘይቱን ራሱ ይስበዋል፤ ካጎደልክ አቧራው ያልፋል።

ጋሼ ከጅማ መንገድ የመጣ ላንድሮቨር ሲገባ ፊልትሮውን ባለቤቱ ፊት ነበር የሚያስፈቱን። ከሥር የረጋውን ቀይ ጭቃ በጠፍጣፋ መፍቻ ቆርሰው ጋዜጣ ላይ ያስቀምጡና ወደ ሰውዬው ያስጠጉታል። «ይሄ ሲሊንደርህ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዛሬ እኔ ጋ የምትመጣው ለሞተር እድሳት ነበር» ይሉታል። አቧራ ሲባል ለስላሳ ነገር ይመስለናል። ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ግን ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል፤ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ፋሻውንና ሲሊንደሩን እየሞረደ ይኖራል። ውጤቱ የሚታየው ዛሬ አይደለም። ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ማንም ከፊልትሮው ጋር አያያይዘውም።

ጋሼ ክዳን የመገልበጥ ልማድም ነበራቸው፤ ግን ከወቅቱ ጋር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲረጥብ የታክሲ ሾፌሮች ሲለምኗቸው ይገለብጡላቸዋል። መስቀል አልፎ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ያንኑ ሾፌር መንገድ ላይ አስቁመው ክዳኑን ይመልሱበታል፤ እምቢ ካለ ዳግመኛ ጋራዣቸው አይገባም። ለእሳቸው ይሄ ሁሉ ሒሳብ ነበር፦ ትንሽ ጉልበት ከትንሽ አቧራ ጋር በክረምት ይሸጣል፣ በበጋ አይሸጥም። ልማዱ ወደ እኛ ሲተላለፍ ወቅቱ ከላዩ ላይ ወደቀና መገልበጡ ብቻ ቀረ።

ወረቀት ፊልትሮ ያላቸው መኪኖች፣ ፔጆው፣ በኋላም ከሶቪየት የመጣው ላዳ፣ ሌላ ችግር ይዘው መጡ። ወረቀት ከዘይት ይልቅ አቧራ በደንብ ይይዛል፤ ግን ሲሞላ መለወጥ አለበት፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ወረቀቱን በኮምፕሬሰር አስነፍተን እንመልሰዋለን። ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋው ልጅ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀረቅረዋል፤ ጠጋ አድርጎ የነፋው ይቀደዋል፤ ቀዳዳውን ማንም አያይም። ወረቀቱ ጭራሽ ሲያልቅ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ የሚገጥም ነበር፤ የሴት ስቶኪንግ ደርቦ የሚያለብስም አይቻለሁ። ቤንዚን በኩፖን ነበርና የወፈረ ድብልቅ ለባለመኪናው የኪስ ብቻ ሳይሆን የሳምንት መንቀሳቀሻ ጉዳይ ነው። የክዳን መገልበጥ ልማድ ያኔ ነው በጣም የበረታው።

ስለ ላዳ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የላዳ 2101 ፊልትሮ ክዳን ሁለት ምልክት አለው፤ ቀዩ ለበጋ፣ ሰማያዊው ለክረምት። በሰማያዊው ስታዞረው አየሩን ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሞቀውን ይስባል፤ ለሞስኮ በረዶ ታስቦ ነው። እኛ አገር ክረምት ማለት ሐምሌ ነው እንጂ በረዶ አይደለም፤ ግን ብዙ ሰማያዊ ታክሲ ዓመቱን ሙሉ በሰማያዊው ምልክት ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ሲወጣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ይጎድላል። ከፍታው ሩቡን የወሰደበት ምስኪን ሞተር በገዛ ክዳኑ ደግሞ ሌላ ይዘረፋል ማለት ነው። ሾፌሩ ክዳኑን ሲገለብጠው ታዲያ ሳያውቀው ከዚህም ይገላግለዋል። ላዳ ላይ መገልበጥ ተአምር ሠራ የተባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ ወደ ቀዩ ማዞር በቂ ነበር።

ዲኤክስ ሲነግሥ ነገሩ ከሾፌር ወደ ጎረምሳ እጅ ገባ። ዲኤክስን ዝቅ የሚያደርጋት፣ ማርሚታውን የሚያስበሳው፣ ጎማ የሚያሰፋው ሁሉ ክዳኑንም ይገለብጣል፤ ከዚያ አልፎ ቤቱን ነቅሎ ካርቡራተሩን አፉን ከፍቶ የሚሄድም መጣ። በእነዚሁ ዓመታት ነው ሾጣጣው ፊልትሮ መርካቶ የደረሰው። ዋናው ዝርያ ከካሊፎርኒያ ነው፤ ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ የሚባሉ ሞተር ሳይክል ተወዳዳሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ኬ ኤንድ ኤንን መሠረቱ፤ ስሙ የሁለቱ ስም መነሻ ፊደል ነው። ፊልትሮው በዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ በሽቦ መረብ መሀል ተጣጥፎ የተሠራ ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። በረሃ ላይ ለሚሮጥ ሞተር ሳይክል ብልህ ሥራ ነው። የውድድር ሞተር ግን በየጊዜው ይፈታል፣ ፋሻው ይለወጣል፤ የእኛ ዲኤክስ አያቱም ልጁም የነዱት መኪና ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ ወዲህ ደግሞ ሌላ መተካትም ቀላል አይደለም። ሶማሌ ተራ የሚሸጠውም በአብዛኛው ኮፒ ነው። ገዝተህ ከመግጠምህ በፊት ውስጡ አምፖል አብርተህ እየው፤ ብርሃኑ እንደ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከወጣ አቧራውም በዚያው ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ። ቪትዙም ያሪሱም ካርቡራተር የላቸውም፤ ኢንጀክሽን ናቸው። ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሳበ የሚናገር ሴንሰር አለ፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይሰጣል። አየሩ ኮልፌ ላይ ቢሳሳ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ፊልትሮው ቢታፈንም ይቀንሳል። ክዳን መገልበጥ ያስተካክለው የነበረው በሽታ ከካርቡራተሩ ጋር ሞቷል። አሜሪካኖቹ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ለክተውት ነበር። ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ ፊልትሮው ቢታፈንም የነዳጅ ፍጆታው አልተለወጠም፤ የታፈነው በአዲስ ሲተካ ግን ፍጥነት ማንሳቱ ከ6 እስከ 11 በመቶ ተሻሽሏል። የድሮ ካርቡራተር መኪና ላይ ግን ነዳጁም ከ2 እስከ 6 በመቶ ተሻሻለ። ልብ በሉ፣ ያነፃፀሩት የታፈነ ወረቀትን ከአዲስ ወረቀት ጋር ነው። ልጆቹ ንጹሕ ወረቀታቸውን አውጥተው በሾጣጣ ሲተኩ የሚያተርፉት ሌላ ነው፤ ንጹሕ ወረቀት ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ሲያወጣ እንኳ የሚያግደው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ግድም ነው። ከፍታው ከመቶ ሃያ አራት ወስዶ ዝም ሲባል ስለዚች ነው የሚከራከሩኝ።

እሱም ቢሆን ሾጣጣው በትክክል ከተገጠመ ነው። የፋብሪካው ቱቦ አየሩን የሚስበው ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከፓራፋንጎው ጉያ፣ ከቀዝቃዛው ነው። ልጆቹ ቱቦውን ቆርጠው ሾጣጣውን ኮፈኑ ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ ያንጠለጥሉታል። መኪናዋ ጦር ኃይሎች ላይ በትራፊክ ቆማ ከቆየች በኋላ የምትስበው የራሷን ሙቀት ነው፤ የላዳ ሰማያዊ ምልክት በሌላ በር ተመለሰ። ዘይቱን ካበዙበት ደግሞ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፍና ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ሲበራ «ፊልትሮው አይደለም» ብለው ይሟገቱኛል።

አንዱን ልጅ፣ ክርክሩ ሲያሰለቸኝ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን በሾጣጣው አስወጣሁት፤ ተመልሰን ወረቀቱን ገጥመን ደግሞ አስወጣሁት። ሰዓት ይዤ ነበር፤ ሰዓቱ ልዩነት አላየም። ልጁ ግን በሾጣጣው ስትወጣ በግልጽ እንደፈጠነች ምሎ ተናገረ። እየዋሸ አልነበረም። ጆሮው ነው የነዳው።

ድምፁ ላይ ግን ልጆቹ ልክ ናቸው። የመሳቢያው ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ቱቦው ውስጥ የአየር ምት ይፈጠራል፤ ምቶቹ ተደጋግመው ድምፅ ይሆናሉ፤ እንስራ አፍ ላይ ሲነፉ እንደሚወጣው ያለ እምታ። የፋብሪካው የፊልትሮ ቤት ግማሽ ሥራው ይህን ማፈን ነው። ቱቦው ጎን ላይ ምንም የማይሠራ የሚመስል ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ካያችሁ እሱም ለዚሁ የተቀመጠ ነው፤ መጠኑ የተለካው አንድ የተወሰነ እምታን እንዲውጥ ነው። ልጆቹ «ትርፍ ነው» ብለው መጀመሪያ የሚነቅሉት እሱን ነው። ሾጣጣው ሲገባ ቤቱም ሳጥኑም ስለሚወጡ ሞተሩ የሚያወጣው ድምፅ ሳይታፈን ይሰማል። ባለ ሦስት ሲሊንደር ቪትዝ እንኳ ወንድ ወንድ ትላለች። ለዚህ ብሎ የሚከፍለውን ሰው አልከለክለውም። ሽቶ ስለሚገዛ ሰውም ምንም ብዬ አላውቅ።

አቧራው ቀንሷል እንዴ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በከፊል ቀንሷል። የቀለበት መንገዱ በኮልፌ በኩል ካለፈ፣ ውስጥ ለውስጡም ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ታኅሣሥና ጥር ላይ የማስነፋው ፊልትሮ እንደ ድሮው ቀይ አይደለም፤ ግራጫ ነው። የሕንፃ ሥራ ሲሚንቶና የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ካላችሁ ግን ቀዩም አለ። የወረቀቱ መለወጫ ጊዜ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ በኪሎሜትር ተጽፏል፤ ለእኛ መንገድ መጽሐፉ ከሚለው ግማሹ ላይ ለውጡ እላለሁ፤ ከሾጣጣውም ዋጋ ብዙ ብዙ ወረቀት ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በብዛት እየመጡ ነው። ባለፈው አንድ ሰው አዲሷን ይዞ ለጎማ መጣና፣ እግረ መንገዱን «ጋሼ፣ የአየር ፊልትሮዋንም እይልኝ» አለኝ። ኮፈኑን ከፈትኩለት። የምትስብበት ሞተር የላትም፤ ያላት ፊልትሮ ለተሳፋሪው የሚሆነው ብቻ ነው፤ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ አውጥቼ አሳየሁትና ለወጥኩለት። ከጎኑ የተቀመጠው ልጁ አልጠገበም። «እና ድምፅ እንዲኖራት ምን ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። በስፒከር የሚሠራ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ አልኩት። ስፒከሩ ከየት እንደሚገዛ ጠየቀኝ፤ ሶማሌ ተራ ሞክር ብዬ ላክሁት።